ዳገቱ ላይ የሚጠፋው ጉልበት

የዓባይን ሸለቆ በአሮጌ ላንድክሩዘር የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ሹፌሩ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይቀንሳል፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል፣ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ያዘነብላል። ከወንዙ እስከ አፋፉ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለ። ባለመኪናው አዲስ አበባ ሲመለስ በቀጥታ ጋራዥ ይገባና ይጠይቃል፤ “ለዚህ ሞተር ጉልበት እንዴት ነው የሚጨመርለት?”

ጥያቄውን እወደዋለሁ። አሮጌ ሞተርን ከመጣል ይልቅ አድሶ የተሻለ ማድረግ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው ነው። የሚሰጠው መልስ ግን ብዙ ጊዜ ያሳዝነኛል። አንዱ “ፓምፑን ትንሽ እንክፈተው” ይለዋል፤ ሌላው “ጋሼ፣ ቱርቦ እናስገባለት” ይለዋል። ከሁለቱም በፊት ሞተሩ ምን ላይ እንዳለ የሚለካ ሰው ብርቅ ነው። አሮጌ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ላይ የሚጨመር ጉልበት ከመለኪያ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ ገንዘብ የሚባክነውም፣ ሞተር የሚሞተውም ይህ ሲዘለል ነው።

የማወራው በተለይ ስለ ዋን ኤች ዜድ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው፤ የእርዳታ ድርጅቶችን፣ የመሥሪያ ቤቶችንና የአስጎብኚዎችን ላንድክሩዘር በየገጠሩ ያዞረው እሱ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 94 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 100 ሚሊሜትር ነው። አየር በግፊት የሚያስገባ ቱርቦ የለውም። ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ ለእንዲህ ያለ ትልቅ ሞተር ጥቂት ነው፣ ዕድሜው የረዘመውም በከፊል ለዚህ ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ፒስተኖቹ ሲወጡና ሲወርዱ የሚፈጥሩትን ግፊያ እርስ በርስ ስለሚያጠፉት ያለ ምንም ተጨማሪ ማመጣጠኛ ዘንግ ለስልሶ ይዞራል። አራት ሲሊንደር የለመደ ሰው በተስተካከለ ዋን ኤች ዜድ ውስጥ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚገርመው ይህ ልስላሴ ነው። ክራንክሻፍቱም በሰባት ቦታ ተደግፎ ስለሚዞር ጥንካሬው የታወቀ ነው። ጉልበት ልጨምርለት ብሎ ማሰብ እንግዲህ እብደት አይደለም፤ መሠረቱ አለው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚስበው ያገኘውን አየር ብቻ ነው። በካታሎግ 130 የተባለው ሞተር እንጦጦ ሥር ወደ 100 ቢወርድ ሞተሩ ታመመ ማለት አይደለም፤ አየር አጣ ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ መካኒክ ጤነኛ ሞተር ያወርዳል። የኮምፕረሽን መለኪያ ወስዶ ይሞክርና ንባቡን በጥገና መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ያነጻጽራል። የመጽሐፉ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው፤ እዚህ ጤነኛ ሞተር እንኳ ከዚያ በሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ሊያነብ ይችላል። እዚህ ከተማ ውስጥ መታየት ያለበት ስድስቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይቀራረባሉ የሚለው ነው። አምስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወረደ ችግሩ እዚያ ነው። ስድስቱም እኩል ዝቅ ካሉ ግን ባለቤቱን ለወጪ ከመዳረግ በፊት ከፍታውን ማስላት ያስፈልጋል።

“ፓምፑን መክፈት” የሚባለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የነዳጅ ፓምፑ ላይ ያለችው ብሎን ስትዞር ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ናፍጣ ይጨምራል። ሹፌሩም ለጥቂት ቀናት ለውጥ ይሰማዋል፣ ደስ ይለዋል። አየሩ ግን አልጨመረም። የሚያቃጥለው አየር ያጣ ናፍጣ ጥቀርሻ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ከፊሉም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የቃጠሎው ሙቀት ይጨምራል፤ ያ ሙቀት ደግሞ ፒስተኑና ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚቀመጠው ቴስታታ ላይ ነው የሚያርፈው። ጥቁር ጭስን የጉልበት ምልክት አድርጎ የሚያይ ብዙ ሰው አለ። እኔ የማየው በገንዘብ ተገዝቶ የተበተነ ነዳጅ ነው፤ ናፍጣ በዚህ ዋጋ በሚሸጥበት ጊዜ ይህን ማየት ያበሳጨኛል። አንዳንዶቹ ፓምፖች እንዲያውም ከፍታ ሲጨምር ነዳጁን ራሱ የሚቀንስ መሣሪያ ከፋብሪካ ተገጥሞላቸው ነው የሚመጡት። የጃፓን መሐንዲሶች ለእንዲህ ዓይነቱ ደጋ አስበው የሠሩትን መሣሪያ “መኪናውን የሚይዘው ይሄ ነው” ብሎ ከሥራ ውጪ ማድረግ ዕውቀት አይደለም።

ሞተሩ በእርግጥ ካረጀና መውረድ ካለበት ዋናው ሥራ ያን ጊዜ ይመጣል። ሞተር ማውረድና መፍታት ከባድ አይደለም፤ ጎበዝ ልጆች በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ከባዱ ከተፈታ በኋላ ያለው ጸጥ ያለ ሥራ ነው። ብሎኩ ታጥቦ ደርቆ እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች ይለካል፤ በየቦታው ደግሞ በሁለት አቅጣጫ። ፒስተን ሲሊንደሩን እኩል አይበላውም። ላይኛው ክፍል ሙቀቱም ግፊቱም ስለሚበረታበት ቶሎ ይሰፋል፤ ፒስተኑ ወደ ጎን የሚገፋው ወገን ደግሞ ይበላና ክቡ ወደ እንቁላል ቅርጽ ይሄዳል። ይህ በዓይን አይታይም፣ በጣትም አይዳሰስም። የምንነጋገረው ስለ መቶኛ ሚሊሜትር ነው። በእንዲህ ያለ ሲሊንደር ላይ አዲስ የፒስተን ፋሻ የሚያስገባ ሰው ገንዘቡን ጣለ፤ አዲሱ ፋሻ ክብ ነው፣ ግድግዳው ክብ አይደለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ባለቤቱም “ዕቃው ፎርጅድ ነበር” ይላል። አንዳንዴ ፎርጅድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ያልተለካ ሲሊንደር ነው።

ብሎኩ ሲሊንደር ወደሚያስፋው ሬቲፊካ ቤት ሲላክም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ፒስተኑ ተገዝቶ እጅ ላይ ሊኖር ይገባል፤ ሲሊንደሩ የሚቆረጠው ለተገኘው ፒስተን እንጂ ካርቶኑ ላይ ለተጻፈ ቁጥር መሆን የለበትም። ስድስቱም ፒስተኖች በሚዛን ይመዘናሉ፣ ፒስተኖቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኙት ስድስቱ ቢዬላዎችም እንዲሁ። ያ ያደነቅነው የስድስት ሲሊንደር ልስላሴ የሚኖረው ክብደታቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ነው። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ላይ የሌላ ሞተር ቢዬላ ገዝቶ ሳይመዝኑ መግጠም የሞተሩን ትልቁን ጸጋ መንጠቅ ነው። ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ብሮንዚን ከተገጠመ በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል፤ ለዚህ የሚሆን በጣም ቀጭን የፕላስቲክ ክር አለ፣ ሲጨፈለቅ ስፋቱ ክፍተቱን ይነግራል። ርካሽ ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሆኖም ስንት ሞተር ያለሱ ይገጠማል!

ከሁሉ በላይ ግን ቴስታታው። ዋን ኤች ዜድ ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይረጭም፤ ቴስታታው ውስጥ ያለች ትንሽ የቅድመ ቃጠሎ ክፍል ውስጥ ነው የሚረጨው። ቃጠሎው እዚያ ይጀመርና በጠባብ ቀዳዳ ወደ ሲሊንደሩ ይወረወራል። ስለዚህ ሙቀቱ የሚከማቸው ቴስታታው ውስጥ ነው፤ አብዝቶ የጋለ ዋን ኤች ዜድ በቫልቮቹ መካከልና በዚያች ክፍል ዙሪያ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ፀጉር ያህል ነው፣ ለዓይን ላይታይ ይችላል። በግፊት ሳይፈተሽ የተገጠመ ቴስታታ ሙሉውን የእድሳት ወጪ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮንም በተለያየ ውፍረት ነው የሚመጣው፤ የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ስንት እንደሚወጣ ተለክቶ ነው። ሱቅ ውስጥ የተገኘውን ማስገባት የኮምፕረሽኑን ልክ ማዛባት ነው፤ አንዳንዴም ፒስተኑን ከቫልቭ ጋር ማጋጨት።

ስለ ማቀዝቀዣው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሞተር ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው ያለቀ ክዳን ባሕር ጠለል ላይ ላለ መኪና ትንሽ ችግር ነው፤ እዚህ ግን ዳገት ላይ ሞተር ያሞቃል፣ ቴስታታ ያሰነጥቃል። ስስ አየር ራዲያተሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም። ጉልበት እጨምራለሁ ያለ ሰው መጀመሪያ ክዳኑን፣ የራዲያተሩን ቱቦዎችና የፋኑን መያዣ ይመልከት።

ታዲያ ቱርቦው? አልቃወምም። እንዲያውም በእኛ ከፍታ ቱርቦን እንደ ቅንጦት የሚያይ ሰው አልገባውም ባይ ነኝ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ሩብ ባር ያህል ግፊት የሚጨምር ቱርቦ አዲስ አበባ ላይ ሞተሩን ወደ ባሕር ጠለሉ አየር ይመልሰዋል፣ ያ ማለት ከፋብሪካ የተሰጠውንና ከፍታው የወሰደበትን መልሶ ያገኛል። ግማሽ ባር ቢሆን ከዚያ በላይ ያለው እውነተኛ ጭማሪ ነው። ለዋን ኤች ዜድ ከዚህ ብዙ እንዲያልፍ አልመክርም። የኮምፕረሽኑ ልክ ከ22 ለ1 በላይ ነው፤ ቶዮታ ራሱ በዚያው ዘመን ቱርቦ የገጠመበት ወንድሙ ዋን ኤች ዲ ቲ ግን ወደ 18.6 ለ1 ዝቅ ብሏል፣ ናፍጣውንም በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ነው የሚረጨው። ሁለቱ በውጪ ቢመሳሰሉም አንዱ ለቱርቦ ተሠርቷል፣ ሌላው አልተሠራም። ቱርቦ ገጥሞ የጭሱን ሙቀት የማይለካ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚነዳው። መለኪያው ከቱርቦው በፊት ተገጥሞ ረጅም ዳገት ላይ ከ650 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲቆይ ካየሁ እግሬን አነሳለሁ። ለመለኪያው ዋጋ የሚሳሱ ባለመኪኖች ለጌጥ ጎማ ብዙ እጥፍ ሲከፍሉ አይቻለሁ።

በቤንዚን ስድስት ሲሊንደር፣ ለምሳሌ በአሮጌዎቹ የላንድክሩዘር ሞተሮች ቱ ኤፍና ስሪ ኤፍ ላይ፣ ጉዳዩ ይለያል። ስስ አየር ሞተሩን ከመንኳኳት ስለሚጠብቀው እዚህ ኮምፕረሽን ከፍ ማድረግም፣ የካንዴላውን እሳት ማስቀደምም ይቻላል፤ መኪናው ይፈጥናል። ችግሩ አገራችን አንድ ከፍታ የሌላት መሆኑ ነው። እዚህ የተስተካከለው መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ያጣል፣ ወደ ዳሎል ቢቀጥል ከባሕር ጠለል በታች ይገባል። ወፍራም አየርና ብርቱ ሙቀት አንድ ላይ ሲመጡ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል። አስተካካዩ ባለቤቱን “ወዴት ነው የምትነዳው?” ብሎ ሳይጠይቅ እሳት ማስቀደም የለበትም።

ይህ ሁሉ ዛሬ ከበፊቱ ይልቅ የሚያስፈልገን ይመስለኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳውቋል። የኤሌክትሪኩ ነገር መልካም ነው፤ ነገር ግን የገጠሩን መንገድ የሚያውቁት አሮጌ ሞተሮች ገና ለብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ ያሉንን ማደስ ደግሞ ግዴታ ይሆናል። መካኒኮቻችን ችሎታ አያንሳቸውም፤ በጠባብ ቦታ፣ በጥቂት መፍቻ የሚሠሩትን አይቶ የማያደንቅ የለም። የሚጎድላቸው ጊዜ ነው፤ ጊዜውን የምንነፍጋቸውም እኛ ባለመኪኖች ነን። “ለዓርብ ይድረስልኝ” ብሎ የሚያጣድፍ ደንበኛ መለኪያው እንዲዘለል እያዘዘ ነው። ለመለካት የሚጠየቅ ዋጋ ላይ የሚከራከር ሰው ዕቃ ላይ እጥፉን ይከፍላል።

አሮጌ ዋን ኤች ዜድ ይዞ ገንዘቡን ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው የምነግረው ይህን ነው። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን፣ የነዳጅ መርጫዎቹን፣ የቫልቭ ክፍተቱንና የጊዜ ቀበቶውን ይዩ፤ ቀበቶው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ ይቀየር። ፓምፑ በመፈተሻ ማሽን ላይ ይስተካከል እንጂ በጆሮ አይስተካከል። ከዚያ ኮምፕረሽኑ ይለካ። ሞተሩ መውረድ ካለበት የእያንዳንዱ ሲሊንደርና ብሮንዚን ልክ በወረቀት ተጽፎ ይሰጥዎ፤ ያን ወረቀት የማይሰጥ ጋራዥ ሞተርዎን አያውርድ። ተገጥሞ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን 1 ሺህ ኪሎሜትሮች ከረጅም ዳገትም ከከባድ ጭነትም ይራቁ፣ በአንድ ፍጥነት ብቻም አይንዱት፣ ዘይቱንም ቶሎ ይቀይሩ። ዘይት የማይበላ፣ የማይሞቅና የማያጨስ መሆኑን አንድ ክረምት ካዩ በኋላ ስለ ቱርቦ እንነጋገር፤ ከሙቀት መለኪያውና ሰፋ ካለ የጭስ ማውጫ ጋር።