ሳሎን የተኩስ ሜዳ አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ለቤቱ ጥበቃ ሽጉጥ የገዛ ሰው ዛሬ ዛሬ በየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አለ፦ «ጥይት ውድ ነው፤ የተኩስ ሜዳው ሩቅ ነው፤ የሽጉጥህን አምሳያ ኤርሶፍት ግዛና ሳሎንህ ውስጥ ተለማመድ።» ኤርሶፍት በጋዝ፣ በሞላ ወይም በባትሪ ኃይል ስድስት ሚሊሜትር ስፋት ያላት የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋ መሣሪያ ነው። ጥሩ የሚባለው ዓይነት በቅርፁም፣ በክብደቱም፣ በአያያዙም ከእውነተኛው ሽጉጥ አይለይም፤ ብዙውን ጊዜ በዚያው አፎት ይገባል። ሻጩም አሠልጣኙም የሚያወድሱት ይህንኑ መመሳሰል ነው። እኔ ደግሞ ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው እላለሁ። አምሳያው ዋናውን የሚመስለው ለቤት ጠባቂ እምብዛም በማይረባው ነገር ነው፤ ሕይወት በሚያድነውና በሚያጠፋው ነገር ግን ተቃራኒውን ያስተምራል።

ምክሩ ያለ ምክንያት አልተስፋፋም። ኤርሶፍት የተወለደው ጃፓን ነው። ተራ ዜጋ ሽጉጥ መያዝ በማይፈቀድለት አገር፣ መሣሪያ የሚወዱ ሰዎች አምሮታቸውን የሚወጡበት መጫወቻ ነበር። ቶኪዮ ማሩይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 በባትሪ የሚሠራ ጠመንጃ ካወጣ ወዲህ ጨዋታው ዓለምን አዳረሰ (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ሲደርስ ግን ቦታው ተለወጠ፤ ጃፓን ውስጥ የሽጉጥ ምትክ የነበረው ዕቃ እዚህ ከሽጉጥ ጎን ተቀመጠ። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ ኤፍቢአይ ከመሣሪያ ጋር በተያያዘ ያካሄደው የግለሰቦች ታሪክ ማጣራት 39.7 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ፤ ከቀደመው ዓመት ከ11 ሚሊዮን በላይ ጨመረ ማለት ነው። ጥይት ከመደርደሪያ ጠፋ። 20 ሳንቲም ገደማ ይሸጥ የነበረው የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት ዋጋው ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሆነ። ሽጉጥ ያለው፣ ጥይት የሌለው፣ ተኩሶም የማያውቅ ብዙ ባለንብረት ተፈጠረ። ለዚህ ሰው ኤርሶፍት ርካሽ መፍትሔ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

ጥቅሙንም መካድ አይገባም። ሽጉጥን ከአፎት ማውጣት፣ አያያዝን ማስተካከል፣ ማነጣጠሪያውን ከዒላማው ጋር ማገናኘት፣ ካዝና መቀየር፣ እነዚህ ሁሉ በአምሳያ ይለመዳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ግን አያዋጣም። 0.2 ግራም የምትመዝን የፕላስቲክ ፍሬ በሴኮንድ 100 ሜትር ብትበር ጉልበቷ አንድ ጁል ነው። የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት ሰባት ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ በሴኮንድ 350 ሜትር ያህል ይወረወራል፤ ጉልበቱም ወደ 450 ጁል ይደርሳል። የጀማሪ ተኳሽ ትልቁ በሽታ ፍንዳታውንና ርግጫውን ፈርቶ ምላጩን ከመሳቡ በፊት እጁ መሸምቀቁ ነው። ፍንዳታ የሌለው መሣሪያ ይህን በሽታ አያድነውም፤ መኖሩንም አያሳየውም። ሳሎኑ ውስጥ ወረቀቱን መሐል ለመሐል የሚበሳ ሰው ጎበዝ ተኳሽ የሆነ ይመስለዋል። የተማረው ግን ዝም ያለ ነገር መተኮስን ነው።

ይህ ቀላሉ ጉድለት ነው። ከባዱን ለማየት ጄፍ ኩፐር የተዋቸውን አራት ሕጎች መለኪያ እናድርግ። ኩፐር የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር መኮንን የነበረ፣ በ1976 አሪዞና ውስጥ የሽጉጥ ማሠልጠኛ የከፈተ ሰው ነው፤ ሕጎቹን ዛሬ የማያስተምር አሠልጣኝ የለም ማለት ይቻላል። በአጭሩ እንዲህ ናቸው፦ መሣሪያ ሁሉ ሁልጊዜ እንደጎረሰ ይቆጠራል፤ አፈሙዙ ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አይዞርም፤ እስክታነጣጥር ድረስ ጣትህ ምላጩን አይነካም፤ የምትተኩስበትን ነገርና ከበስተኋላው ያለውን ሳታውቅ አትተኩስም። የሳሎኑ ልምምድ ከእነዚህ ቢያንስ ሦስቱን በየምሽቱ ይሽራል። ሽጉጥ የሚመስለው ነገር «መጫወቻ ነው» ተብሎ ይያዛል። አፈሙዙ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ወደ ኮሪደሩ፣ የቤት ሰው ወደሚመላለስበት በር ይዞራል። ከበስተኋላው ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም፤ ፍሬዋ መጋረጃው ላይ ነጥራ ትወድቃለቻ!

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ በአብዛኛው በእንጨት ወይም በቀጭን ብረት ተራዳ ላይ ግራና ቀኝ የተለጠፈ ጂፕሰም ነው። የሽጉጥ ጥይት አንዱን ግድግዳ በስቶ፣ ሁለተኛውን አልፎ፣ ሦስተኛው ክፍል ሊገባ ይችላል። አፓርታማ ከሆነ ያ ሦስተኛው ክፍል የጎረቤት መኝታ ቤት ነው። ለቤቱ ሽጉጥ የያዘ ሰው ከፍጥነት በፊት ማወቅ ያለበት ይህንን ነው፦ ከየትኛው በር በየት አቅጣጫ ቢተኮስ ጥይቱ ማንን ያገኛል? ልጆቹ የሚተኙት በየት በኩል ነው? ከየትኛው ቦታ ፈጽሞ መተኮስ አይቻልም? ኤርሶፍት ለነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ሐሰት ነው። ግድግዳው ሁልጊዜ ያስቆማል ይላል። በሺህ ድግግሞሽ እጅ የሚማረው ቤቱ ራሱ የጥይት ማስቆሚያ መሆኑን ነው። ቀኑ ሲመጣ፣ ሌሊት፣ ልብ እየደለቀ፣ እጅ የተማረውን ይሠራል።

ፍጥነትና ትክክለኛነት ብቻቸውን ምን እንደሚያመጡ ዓለም ያየው ምሳሌ ኦስካር ፒስቶሪየስ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ሯጭ የካቲት 14 ቀን 2013 ሌሊት ፕሪቶሪያ በሚገኘው ቤቱ፣ በተቆለፈ የመጸዳጃ ቤት በር ላይ አራት ጊዜ ተኮሰ። ከበሩ ጀርባ የነበረችው ፍቅረኛው ሪቫ ስቴንካምፕ ሞተች። እሱ ሌባ መስሎኝ ነው አለ። ተኩስ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሜዳ ላይ ሐብሐብ ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ፍርድ ቤት ቀርቧል። በ2015 የአገሪቱ የይግባኝ ሰሚ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ሲለው ክርክሩን ያሳረፈው ማን መስሎት እንደተኮሰ በመመርመር አልነበረም። ከበሩ ጀርባ ማንም ይሁን ማን፣ ሰው ሊሞት እንደሚችል አውቆ ተኩሷል አለ። የኩፐር አራተኛ ሕግ በፍርድ ቤት ቋንቋ ሲነገር ይህን ይመስላል። ወረቀት ላይ ለተሣለ ዒላማ በፍጥነት ሽጉጥ መምዘዝን የሚያለማምድ መሣሪያ፣ በጨለማ ውስጥ «ማነህ?» ብሎ መጠየቅንና ጣትን ከምላጭ አርቆ መታገሥን አያለማምድም።

ደግሞ እጅ ይሳሳታል። በሚያዝያ 2021 ሚኒሶታ ውስጥ በብሩክሊን ሴንተር ከተማ ኪም ፖተር የተባለች ፖሊስ «ቴዘር! ቴዘር!» እያለች ሽጉጧን መዛ ዳንቴ ራይት የተባለውን የ20 ዓመት ወጣት ገደለች። 26 ዓመት ያገለገለች ፖሊስ ነበረች። ቴዘር የሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ቢጫ ነው፤ ከሽጉጡ ይቀላል፤ የታጠቀችውም በሌላኛው ጎኗ ነበር። ይህ ሁሉ ልዩነት እያለ እጇ ተሳሳተ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጥፋተኛ ተባለች። እንግዲህ በቀለም፣ በክብደትና በአፎት ሆን ተብሎ አንድ የተደረጉ ሁለት መሣሪያዎች፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ሌላው ሶፋ ላይ፣ በአንድ ቤት ሲቀመጡ ምን ዓይነት ስሕተት እየተጋበዘ ነው?

የኤርሶፍት ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ ልሸሸው አልፈልግም። «የቀድሞው የቤት ልምምድ እውነተኛውን ሽጉጥ ባዶ አድርጎ ምላጭ መሳብ ነበር። ባዶ መስሏቸው ስንቶች ቴሌቪዥናቸውንና እግራቸውን መቱ? ኤርሶፍት ግን ጥይት ሊጎርስ አይችልም» ይላሉ። እውነት ነው፤ አይጎርስም። ነገር ግን በባዶ ሽጉጥ የሚደረገው ልምምድ በሥርዓት ከተሠራ ዋናው ትምህርት ከተኩሱ በፊት ያለው ነው፦ ካዝናውን አውጣ፤ የጥይት ቤቱን በዓይንህ እይ፤ በጣትህ ዳስስ፤ ጥይቱን ሌላ ክፍል ቆልፍበት፤ የምታነጣጥርበትን ግድግዳ ምረጥ። ይህን ሁሉ የሚያሠራው ፍርሃት ነው። ጤነኛ ፍርሃት ነው። ኤርሶፍት ፍርሃቱን ሲያነሣ ሥርዓቱንም አብሮ ይጥለዋል። የሽጉጡ ባለቤት ባዶነቱን ሳያረጋግጥ የማይነካው መሣሪያ መንታ ተወለደለት፤ መንታውን እንደፈለገ ያነሣዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቀባብለዋል። ከሁለቱ ልማዶች በየቀኑ የሚደጋገመው ያሸንፋል።

ጨዋታና እውነት በአንድ እጅ ሲገናኙ ባለሙያም አይተርፍም። ነሐሴ 2016 ፍሎሪዳ ውስጥ በፑንታ ጎርዳ ከተማ ፖሊስ ነዋሪዎችን ጋብዞ መቼ ይተኮሳል፣ መቼ አይተኮስም የሚል የተውኔት ልምምድ አሳየ። ወንጀለኛ ሆኖ የተወነው ፖሊስ በሽጉጡ ያለው የውሸት ጥይት መስሎት ተኮሰ። ጥይቱ እውነተኛ ነበር። ጡረተኛ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሆነች የ73 ዓመት ሴት፣ ባሏ እያየ ሞተች። ጦር ሠራዊትና ፖሊስ በአምሳያ መሣሪያ ሲለማመዱ ተሳታፊውን ሁሉ የሚፈትሽ፣ አንድም እውነተኛ ጥይት ወደ ቦታው እንዳይገባ የሚቆጣጠር ሰው የሚመድቡት ለዚህ ነው። እዚያ ከተማ ያ ፍተሻ ሳይሠራ ቀረ። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ፈታሽ የለም።

ከኤርሶፍት ደጋፊዎች መካከል ታትሱያ ሳካይን የሚያነሡም አሉ። ጃፓናዊው ሳካይ አገሩ ውስጥ በአብዛኛው በኤርሶፍት ተለማምዶ በ2004 አሜሪካ ውስጥ የሚካሄደውን የስቲል ቻሌንጅ የፍጥነት ተኩስ ውድድር አሸነፈ። ድንቅ ሥራ ነው። ግን ምን ያረጋግጣል? የውድድሩ ዒላማዎች ቦታቸውና ርቀታቸው አስቀድሞ የታወቀ የብረት ሰሌዳዎች ናቸው። መተኮስ አለብኝ ወይስ የለብኝም የሚል ጥያቄ የለም፤ ብረቱ ልጅ ሆኖ አይገኝም። ሳካይ የሚለማመድበት ቤትም የጎረሰ ሽጉጥ ያለበት የአሜሪካ ቤት አልነበረም። ኤርሶፍት ስፖርተኛ ያወጣል ለሚለው እሱ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቤተሰብ ይጠብቃል ለሚለው ግን ማስረጃ አይሆንም።

ከቤት ደጃፍ ሲወጣ መመሳሰሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ኅዳር 22 ቀን 2014 ክሊቭላንድ ከተማ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ በኤርሶፍት ሽጉጥ ሲጫወት ፖሊስ መኪናውን አቁሞ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ተኮሰበት። ልጁ በማግስቱ ሞተ። ስልክ የደወለው ሰው መሣሪያው ምናልባት የውሸት ሊሆን እንደሚችል ተናግሮ ነበር፤ ቃሉ ለፖሊሶቹ አልደረሰም። አፈሙዙ ላይ መኖር የነበረበት ብርቱካንማ ምልክትም ተነሥቷል። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሮዛ ውስጥ አንዲ ሎፔዝ የተባለ የ13 ዓመት ልጅ የክላሽንኮቭ አምሳያ ይዞ ሲሄድ ተገድሏል። ዋሽንግተን ፖስት በ2015 እና በ2016 እውነተኛ የሚመስል የውሸት መሣሪያ ይዘው በፖሊስ የተገደሉ 86 ሰዎች ቆጥሯል። ጥፋቱ የተኳሾቹ ፖሊሶች ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም እስማማለሁ። ልጅ ያለው ሰው ግን ፖሊስ እስኪታረም አይጠብቅም። አባቱ በየምሽቱ ሳሎን ውስጥ የሚተኩስበትን ዕቃ አንድ ቀን ልጁ ይዞት መውጣቱ የማይጠበቅ ነገር አይደለም። እውነተኛውን ቢያነሣ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ሕፃናትንና ታዳጊዎችን በመግደል የጦር መሣሪያ የመኪና አደጋን ቀድሞ አንደኛ ሆኗል።

ነገሩ አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያንንም ይመለከተናል። ሌሊት ነዳጅ ማደያ፣ ታክሲና አነስተኛ ሱቅ የሚሠራው ወገናችን ሽጉጥ ልግዛ ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከአሜሪካዊው ጎረቤቱ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ግሪን ካርድ ብቻ ይዞ በመሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። አገር ቤት ጠመንጃ በኖረበት ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ይዘን መጥተናል፤ ባዶ ነው ብሎ አፈሙዝ ወደ ሰው ያዞረ ልጅ ኩርኩሙን ይቀምሳል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮስበት አገር ልጆች ነንና ራሳችንን አናሞግስም። ያቺ ኩርኩም ግን የኩፐርን ሁለተኛ ሕግ ያለ መጽሐፍ አስተምራለች። ለርካሽ የፕላስቲክ ልምምድ ብለን አንተዋት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሽጉጡ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ያለው አዋቂ ብቻ ይሁን። ሌሊት ኮሽታ ሲሰማ ቤተሰቡ ወዴት እንደሚሰበሰብ፣ ማን 911 እንደሚደውል፣ ማን በሩን እንደሚዘጋ ቤተሰቡ በሙሉ ይለማመድ፤ ለዚህ ልምምድ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። የእጅ ባትሪ ይገዛ፤ ሰው ሳይለይ መተኮስ ክልክል ይሁን። ተኩሱ ራሱ በወር አንድ ቀንም ቢሆን አሠልጣኝ ባለበት ሜዳ፣ በእውነተኛ ጥይት ይሁን። ኤርሶፍት ለሚወድም ጨዋታው ስፖርት ነው፤ የዓይን መከላከያ አድርጎ፣ ሜዳ ሄዶ፣ ከመሰሎቹ ጋር ይጫወት። አሠልጣኞችና ሻጮች ደግሞ ለደንበኛቸው አንድ እውነት ይንገሩት፦ ጥይት ገዝቶ ለመማር አቅም ያጣ ሰው የጎረሰ ሽጉጥ ትራስጌው ከሚያስቀምጥ ሽጉጡን ቢሸጠው ቤቱ የበለጠ ይጠበቃል። ይህን ምክር የሚሰጥ ሻጭ ገበያ ያጣ ይሆናል፤ የማይሰጥ አሠልጣኝ ግን ለምን አሠልጣኝ ይባላል?