«ቫይታሚን ምን ይጎዳል?»

«ዶክተር፣ መድኃኒት እኮ አይደለም፤ ቫይታሚን ብቻ ነው። ምን ይጎዳል?» የሚለውን ጥያቄ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዱ ከፋርማሲ ገዝቶ፣ ሌላዋ ከውጭ አገር ዘመድ ልኮላት፣ ሌላው ደግሞ «እኔን አበርትቶኛል» ያለ ጎረቤት አካፍሎት ይወስዳል። ጤናማ ለሆነ ሰው በመጠኑ የተወሰደ ቫይታሚን አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጣም። ስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ላለበት ሰው ግን ቫይታሚን እንደ ማንኛውም መድኃኒት መታየት አለበት የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ቶንሲል በወቅቱ ባለመታከሙ በመጣ የልብ በሽታ ምክንያት ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተከለላቸውን ሰዎች እንውሰድ። እነዚህ ሰዎች ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳሉ። ዋርፋሪን የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ተግባር በመግታት ነው። በርካታ መልቲቫይታሚኖች ደግሞ ቫይታሚን ኬ አላቸው። ታካሚው ሳያማክር መልቲቫይታሚን ቢጀምር የመድኃኒቱ ኃይል ሊቀንስ፣ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ሲወስድ ቆይቶ በድንገት ቢያቋርጥ ደግሞ የመድማት አደጋ ይኖራል። ለጎረቤቱ ብርታት የሰጠው እንክብል ለእርሱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የስኳር ሕመም ነው። ሜትፎርሚንን ለዓመታት የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች የቫይታሚን ቢ-12 እጥረት ያጋጥማቸዋል። እግራቸው ሲደነዝዝና ሲያቃጥላቸው «ስኳሩ ነው» ብለው ይተዉታል። ተመርምረው እጥረቱ ከተገኘ ቢ-12 ሊጠቅማቸው ይችላል። የእግሩ መደንዘዝ ከስኳሩ ከፍ ማለት የመጣበት ሌላ ታካሚ ግን ያንኑ ቫይታሚን ወስዶ ለውጥ ላያይ ይችላል። ለውጥ ሲያጣ መጠኑን በራሱ ቢጨምር ሌላ ችግር ይመጣል፤ ለነርቭ ተብለው በሚሸጡ ቅልቅል ቫይታሚኖች ውስጥ የሚገኘው ቢ-6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል። ይኸው ቢ-6 በተገቢው መጠን ሲሆን ኢሶኒያዚድ የሚወስዱ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎችን ነርቭ ከጉዳት ይጠብቃል። ልዩነቱ የመጠንና የወሳጁ ሰው ሁኔታ ነው።

የኩላሊት ድካም ያለባቸው ሰዎችም ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ጤናማ ኩላሊት ትርፍ ቫይታሚን ሲን በሽንት ያስወግዳል። የደከመ ኩላሊት ግን ይህን በሚገባ ስለማይሠራ፣ ብዙ ቫይታሚን ሲ ሲወሰድ የሚፈጠረው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ተከማችቶ ኩላሊቱን ይብሱን ሊጎዳ ይችላል። ውሃ ውስጥ ተጨምረው የሚሟሙት የቫይታሚን ኪኒኖች ብዙዎቹ ሶዲየም ስላላቸው፣ ጨው እንዲቀንሱ ለተነገራቸው የደም ግፊትና የልብ ድካም ታካሚዎች አይመከሩም።

ሰዓትም ለውጥ ያመጣል። ካልሲየምና አይረን የታይሮይድ መድኃኒት የሆነውን ሌቮታይሮክሲንን ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙት በመካከላቸው 4 ሰዓት ያህል ልዩነት ያስፈልጋል። ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱም ካልሲየም ወይም አይረን ከመጀመራቸው በፊት አወሳሰዱን ይጠይቁ።

ይህን ስል ቫይታሚን ሁሉ ይቅር ማለቴ አይደለም። ለነፍሰ ጡር እናት የታዘዘ አይረንና ፎሊክ አሲድ፣ በምርመራ ለተረጋገጠ እጥረት የተሰጠ ቫይታሚን በአግባቡ ሊወሰድ ይገባል። የምቃወመው በወሬ መጀመርን ነው። ኃላፊነቱም የታካሚ ብቻ አይደለም። «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ስንል ብዙ ሰው ቫይታሚንን አይቆጥርም። ስለዚህ እኛ ሐኪሞች «ቫይታሚንስ?» ብለን ለይተን መጠየቅ፣ የፋርማሲ ባለሙያዎችም ከመሸጣቸው በፊት ገዢው ምን ሕመም እንዳለበት ማጣራት ይኖርብናል።

እርስዎም በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የሚወስዱትን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይምጡ። አዲስ ቫይታሚን ሲታዘዝልዎ የጀመሩበትን ቀን ይጻፉ፤ የተለየ ስሜት ካለ ምክንያቱን ለመለየት ይረዳል። ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ያለ ሐኪም ምክር ምንም አይጀምሩ፤ የጀመሩትንም ከማቋረጥዎ በፊት ያማክሩ። ድድ ወይም አፍንጫ ሲደማ አልቆም ካለ፣ የአንድ ወገን አካል ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።