ባቡር ቆመ፤ ሒሳቡ ለደጋፊው ተላከ

የእንግሊዝ የባቡር ሰራተኞች በአውሮፓውያኑ ጁን 2022 የጀመሩት የስራ ማቆም አድማ ከሁለት ዓመት በላይ ሲነሳ ሲተኛ ቆይቶ ነው የበረደው። ለ30 ዓመት ያህል በሀገሪቱ እንዲህ ያለ ትልቅ የባቡር አድማ አልታየም ተብሎለታል። የዋጋ ንረቱ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 11.1 በመቶ ገባ፤ ሰራተኞቹ ደመወዝ ይጨመርልን አሉ፤ ኩባንያዎቹና መንግስት በቀላሉ እሺ አላሉም። ይሄ የኢኮኖሚ ገፅ ወሬ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አድማው ቅዳሜ ላይ ሲውል በመጀመሪያ የሚነካው ስካርፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ባቡር ጣቢያ የሚሄደውን ሰው ነውና ወሬው የኛም ነው።

ኦክቶበር 1 ቀን 2022ን እንውሰድ። እዚህ እኛ ያን ቀን የምናስታውሰው አርሰናል ቶተንሃምን 3ለ1 የረታበት በመሆኑ ነው። የመድፈኞቹ ደጋፊ በየካፌው ሲጨፍር አመሸ፣ የስፐርስ ደጋፊም አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ በቃ። እዚያ ግን በዚያው ቀን በርካታ የሰራተኛ ማህበራት በአንድ ላይ አድማ መትተው ከ10 ባቡር 1 ያህሉ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። የሁለቱ የሰሜን ለንደን ክለቦች ደጋፊ ጎረቤት ስለሆነ እንደምንም ይደርሳል። የኒውካስሉስ? ከሰሜን ጫፍ ተነስቶ ለንደን ፉልሃም ሜዳ ድረስ መምጣት ነበረበት። የኤቨርተን ደጋፊ ከሊቨርፑል ሳውዝሃምፕተን፣ የብራይተን ደጋፊ ደግሞ ከደቡብ ባህር ዳርቻ አንፊልድ። ካርታ ላይ ጣታችሁን አስኪዱት፤ ሀገሪቱን ከላይ እስከ ታች ማቋረጥ ነው። ደግነቱ ኒውካስል 4ለ1፣ ኤቨርተን 2ለ1 አሸነፉ። የብራይተኑ ትሮሳርም ሊቨርፑል ላይ ሃትሪክ ሰርቶ 3ለ3 ተለያዩ። ድካሙን ያስረሳል እንግዲህ።

ባቡር የሌለበት ቀን ደጋፊው የሚያደርገው የታወቀ ነው። አራት አምስት ሆኖ በአንድ መኪና ቤንዚን ይካፈላል፣ የደጋፊ ማህበር አውቶብስ ይከራያል፣ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ቤቱ ይገባል። መኪና የሌለውና አውቶብስ የሞላበት ደግሞ ትኬቱን ኪሱ ይዞ ቤቱ ይቀራል። በፕሪሚየር ሊጉ ከ2016/17 የውድድር ዓመት ጀምሮ የእንግዳ ቡድን ደጋፊ ትኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ መወሰኑ ጥሩ ነው። ግን መንገዱ ከትኬቱ በላይ ሲያስከፍል ምን ዋጋ አለው?

አድማ ሲመጣ ጣት ቶሎ የሚቀሰረው ሰራተኛው ላይ ነው። «ሆን ብለው የጨዋታ ቀን መረጡ» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አድማ ማንንም የማይነካ ቀን ላይ ቢመታ ማን ይሰማዋል? ደግሞም የባቡሩ ሹፌርና ትኬት ቆራጩ እራሱ የሆነ ቡድን ደጋፊ ነው፤ አድማ በመታበት ቀን ደመወዙም ይቆረጣል። ከሁሉም በላይ ግን አድማው ድንገት የሚወርድ ዱብ ዕዳ አልነበረም። በወቅቱ በነበረው ህግ ማህበራቱ እንደ ደንቡ ከ14 ቀን በፊት ማሳወቅ ነበረባቸው። ሁለት ሳምንት! ሊጉ፣ ክለቦቹና ፌዴሬሽኑ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ምን ሰሩ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ማድረግ ሲፈልጉ እንደሚችሉ ደግሞ አይተናል። ሴፕቴምበር 17 ቀን 2022 ሊደረግ የነበረው የብራይተንና የክሪስታል ፓላስ ጨዋታ በታቀደው የባቡር አድማ ምክንያት አስቀድሞ ተላልፏል። የብራይተን ስታዲየም ከከተማው ወጣ ብሎ ፋልመር የምትባል ጣቢያ አጠገብ ስላለ ያለ ባቡር 30 ሺህ ሰው ማመላለስ አይሆንም ተባለ። ትክክል ነው። የሚያስቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ንግስት ኤልሳቤጥ አረፉ፣ ማህበራቱም ለሀዘኑ ሲሉ አድማውን ሰረዙ፤ ባቡሩ አለ፣ ጨዋታው ግን የለም! በማርች 15 ቀን 2023 በስራ ቀን ምሽት ተጫወቱትና ብራይተን በሶሊ ማርች ጎል 1ለ0 አሸነፈ። (ማርች በማርች አገባ፤ ለቀልድ የሚሆን አጋጣሚ ነው።)

የኤፍ.ኤ. ካፑ ታሪክ ግን አያስቅም። በኤፕሪል 2022 ሊቨርፑልና ማንቸስተር ሲቲ ለግማሽ ፍፃሜ ዌምብሌይ ላይ ተመደቡ። በዚያን ሰሞን አድማ እንኳን አልነበረም፤ በፋሲካ የሀዲድ ጥገና ምክንያት ከሁለቱ ከተሞች ወደ ለንደን ቀጥታ ባቡር አልነበረም። የሁለቱ አካባቢዎች ከንቲባዎች አንዲ በርንሃምና ስቲቭ ሮዘራም ሜዳው ይቀየር ብለው በጋራ ፃፉ። ሁለት የሰሜን ምዕራብ ቡድኖች እዚያው አካባቢ ቢጫወቱ ምን ችግር ነበረው? ፌዴሬሽኑ ከዌምብሌይ አልነቃነቅም ብሎ 100 ነፃ አውቶብስ አቀረበ። 100 አውቶብስ 5 ሺህ ሰው ነው የሚይዘው፤ ዌምብሌይ ደግሞ 90 ሺህ። የቀረውን እናንተው ደምሩት።

በዓመቱ ጁን 3 ቀን 2023 ማንቸስተር ሲቲና ማንቸስተር ዩናይትድ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚሁ ዋንጫ ፍፃሜ ሲገናኙ የባቡር ሹፌሮቹ አድማ በዕለቱ ዋለ። ማህበሩ ይህን ከአንድ ወር በፊት ነበር ያስታወቀው። ቀኑም ቦታውም አልተነካም። ከማንቸስተር ለንደን 300 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ያ ሁሉ ህዝብ በአንድ ጠዋት መንገድ ላይ ፈሰሰ። ጉንዶጋን ደግሞ ጨዋታው ተጀምሮ 13 ሰከንድ ሳይሞላ አገባ። በመንገድ መጨናነቅ ትንሽ የዘገየ የሲቲ ደጋፊ በፍፃሜው ታሪክ ፈጣኗን ጎል ሳያይ ቀረ ማለት ነው። ሲቲ 2ለ1 አሸነፈ፤ ዩናይትዶች የመልሱን መንገድ እንዴት እንደገፉት አምላክ ይወቀው።

አሁን ከዚህ ጋር ቴሌቪዥኑን አስተያዩት። ጣቢያው የቅዳሜውን ጨዋታ ሰኞ ማታ እፈልገዋለሁ ሲል ይዛወርለታል፤ ሰኞ ማታ ከጨዋታ በኋላ ወደ ሰሜን የሚመለስ ባቡር ይኑር አይኑር ዋና ጉዳይ አይሆንም። ለካሜራ ቀን የሚቀየር ከሆነ አድማ ሲመጣም ቢያንስ ሩቅ ተጓዥ ያለባቸውን ሁለት ሦስት ጨዋታዎች መቀየር አያቅትም። መቀየር ካልተቻለ እንግዳው ክለብ አውቶብስ ይከራይ። ለአንድ ተቀያሪ ተጫዋች በሳምንት በአስር ሺህዎች ፓውንድ የሚከፍል ክለብ ለ40 አውቶብስ ገንዘብ የለኝም ቢል ማን ያምነዋል? መድረስ ላልቻለውም የትኬቱ ገንዘብ ያለ ጭቅጭቅ ይመለስለት።

ነገሩ ለኛም እንግዳ አይደለም። በየካቲት 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ስራ ሲያቆሙ ከተማው በእግሩ ሲሄድ አይተናል። የኛ ፕሪሚየር ሊግ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ መካሄድ ሲጀምር፣ ያለምንም አድማ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ቡድኑን ሜዳ ገብቶ ለማየት ከጎንደር ጅማና ድሬዳዋ መጓዝ ግድ ሆኖበታል። በቴሌቪዥን ስለሚተላለፍ ችግር የለም ተባለ። የእንግሊዙም መልስ ከዚህ ብዙም አልራቀም።