ኢንተርንሺፕ ወይስ ማኅተም ማስመታት?

የትብብር ደብዳቤ የያዘ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲው "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል ወረቀት ሰጥቶ ሸኝቶታል። የሚቀበለውን መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ራሱ ነው። ዘመድ ያለው ቶሎ ያገኛል። የሌለው "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" እየተባለ ከበር ይመለሳል።

ቦታ ካገኘ በኋላ የሚሆነውም ይታወቃል። መጀመሪያ የሚቀመጥበት ወንበር የለም። ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ እንዲያነሳ ይላካል። ሰነድ እንዳይነካ ይከለከላል፣ ቢሳሳትስ ተብሎ። ስልኩን ሲጎረጉር ይውላል። መጨረሻ ላይ የአምናው ተማሪ ያስገባው ሪፖርት በቴሌግራም ይላክለታል። የድርጅቱ ስምና ቀኑ ይቀየራል፣ ኃላፊው ሳያነብ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። ውጤቱም ብዙ ጊዜ ኤ ነው!

ይህ ልጅ ሲመረቅ "ቀጣሪ የሚፈልገው ክህሎት የለውም" ይባላል። እውነት ነው፣ የለውም። ግን ከየት ያምጣው?

እስካሁን የተሰጠው መልስ በአብዛኛው ዓመትና ፈተና መጨመር ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዲግሪ አያገኝም። ፈተናው መጥፎ ነገር አይደለም፣ ሳይማሩ መመረቅን አክብዷል። ነገር ግን ከምርጫዎች መካከል ትክክለኛውን መለየት አንድ ነገር ነው፤ የባንኩና የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ አልገጥም ሲል ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ፈልጎ ማግኘት ሌላ ነው። ሁለተኛው የሚለመደው ቫውቸር እያገላበጡ፣ ተሳስተው እየታረሙ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ሥራ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይ በክልል ከተሞች፣ ራሱ ትልቅ ቀጣሪ ነው። ለሺዎች በቀን ሦስት ጊዜ ያበስላል፣ ጨረታ ያወጣል፣ ሕንፃ ያስገነባል፣ ደመወዝ ይከፍላል፣ ጄኔሬተር ያስጠግናል፣ ኔትወርክ ይዘረጋል። የሲቪል ምህንድስናው ተማሪ ከክፍሉ መስኮት ባሻገር ሕንፃ ሲነሳ ዓመት ሙሉ እያየ፣ ለኮንትራክተሩ የሚከፈለው ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ ሳያይ ይመረቃል። የአካውንቲንጓ ተማሪ ከፋይናንስ ቢሮው በእግር አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ዓመታት ተምራ፣ ከተመረቀች በኋላ ከቤተሰብ ብር ለምና አዲስ አበባ ፒችትሪ ልትሰለጥን ትመጣለች። የኮምፒውተር ሳይንሱ ተማሪ ደግሞ "ሲስተም የለም" ተብሎ ሬጅስትራር ደጃፍ ይሰለፋል። ሲስተሙን ማን እንደሚጠግነው እንኳ አያውቅም።

"የፋይናንስ ሰነድ ለተማሪ አይሰጥም" የሚል ይኖራል። የዘንድሮው አይሰጥ። ኦዲት ተደርጎ የተዘጋው የዛሬ አምስት ዓመቱስ? "ያበላሻሉ" ለሚለው ደግሞ መልሱ ያለው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። የሕክምና ተማሪ በሲኒየር ሐኪም ሥር ሆኖ በሽተኛ ያያል፣ ሌሊት ያድራል፣ ይገመገማል። በጎንደርና በጅማ የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የላቦራቶሪ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ወርደው ሲሠሩ ኖረዋል። በሰው ሕይወት ላይ የታመነ ተማሪ በደረሰኝ ላይ የማይታመንበት ምክንያት አይታይም።

ነገሩ ለአገሩም እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት፣ በብዛት በመምህርነት፣ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። ያኔም ቅሬታ ነበር። ሥራው ግን እውነተኛ ሥራ ነበር፤ ክፍል ሙሉ ሕፃናት እየጠበቁ ሪፖርት ገልብጦ ማምለጥ አይቻልም።

ቀጣሪዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ለጀማሪ በሚመጥን የሥራ መደብ ላይ "2 ዓመት ልምድ" የሚል ማስታወቂያ የሚያወጣ ድርጅት፣ ልምድ ፍለጋ የመጣውን ተማሪ ለሁለት ወር ፎቶ ኮፒ ካስነሳው በኋላ ስለ ክህሎት እጥረት ሊያማርር አይገባም። በተማሪው የሥራ ውጤት ላይ እውነተኛ ማርክ የሚሰጥ፣ ሲያስፈልግም ኤፍ ብሎ የሚጽፍ አለቃ መኖር አለበት። ያ እንዲሆን ግን ዩኒቨርሲቲው መምህሩን በስልክ "እንዴት ነው?" ከማስባል አልፎ አበልና መኪና ሰጥቶ ቦታው ድረስ መላክ ይኖርበታል። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ገንዘቡም እጥረት አለበት።

በግቢው መጀመር ግን ይህን ያህል አይጠይቅም። የሚቀጥለው ዙር ደብዳቤ ከመታተሙ በፊት አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የፋይናንስ፣ የግዥ፣ የግንባታና የአይሲቲ ኃላፊዎቹን ሰብስቦ "ዘንድሮ ስንት ተማሪ ትቀበላላችሁ? ምንስ ታሠሯቸዋላችሁ?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ወጪው የስብሰባው ሻይ ነው።