ርእሰ አንቀጽ፦ አልለቅ ስላለው የእግር ጣት ማሳከክ



ባለፈው ክረምት ለአንድ አባላችን መታከሚያ ገንዘብ ማዋጣታችን ይታወሳል። አባላችን በቀን ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ቦቲ ጭቃና ውሃ ውስጥ ሲሠራ ይውላል። ማታ ቦቲውን ሲያወልቅ በትንሿ ጣቱና በአጠገቧ ባለችው ጣት መካከል ቆዳው ነጥቶ፣ ርሶና ተሰንጥቆ ያገኘዋል። ሁለት ዓመት ያህል አሳከከው። «እግር ነው፣ ምን ይሆናል» እያለ ቆየ። በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት ብርድ ብርድ አለው፤ ሲነጋ እግሩ እስከ ጉልበቱ ቀልቶና አብጦ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ምች ነው ያለ ነበር፣ የሰው ዓይን ነው ያለም አልጠፋ። ሐኪሙ ግን የእግሩን ጣቶች ፈልቀቅ አድርጎ አየና «በሩ ይኸውላችሁ» አለ። ቁስል የሚያመረቅዘው ጀርም በዚያች ስንጥቅ ገብቶ ነው እግሩን ያሳበጠው። አባላችን ብዙ ቀን ተኛ። ቀን ሠራተኛ ሲተኛ ደግሞ የቤቱ እንጀራም አብሮት ይተኛል።

ይህን የጻፍነው አባላችንን ለመውቀስ አይደለም፤ እሱ ራሱ «ጻፉት፣ ሌላው ይማርበት» ብሎናል። ደግሞም ነገሩን ይዘን በየቤቱ ስንጠይቅ ይኸው ማሳከክ የሌለበት ቤት ጥቂት ሆኖ ነው ያገኘነው። ሰው ስለሚያፍር አይናገረውም እንጂ።

በሽታው የሚመጣው በፈንገስ ነው። የጭርት ዘመድ ነው። እርጥበትና ሙቀት ባለበት፣ ማለትም በተዘጋ ጫማና በረጠበ ካልሲ ውስጥ ይመቸዋል። በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ይህ በሽታ እምብዛም አይዘውም። ታዲያ አንዳንድ ሽማግሌዎች «እኛ ጫማ ሳናውቅ ምን ሆንን?» ይሉናል። ይህ ግን ትክክል አይደለም። በደጋው አገራችን በባዶ እግር መሄድ ሌላ ጣጣ አለው፤ ዝሆኔ የምንለውን የእግር እብጠት ያመጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ሠርተው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንን ዓይነት እብጠት ከቀይ አፈር ጋር አያይዘው አስረድተዋል። ከአፈሩ የሚገኘው ደቃቅ ነገር በባዶው እግር ቆዳ ገብቶ ነው ውስጡን የሚጎዳው። ስለዚህ ጫማ አይጣል። ጫማው ይድረቅ ነው የምንለው። ዝሆኔ ያለበት ሰው ደግሞ በጣቶቹ መካከል ስንጥቅ እንዳይኖር ከሌላው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት፤ በዚያች ስንጥቅ ጀርም ሲገባ ነውና ትኩሳቱና ሕመሙ የሚነሣበት።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። የባትሪ ውሃ ያፈሰሰበት አለ። በረኪና ያፈሰሰበት አለ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ አስሮበት ያደረ፣ ሲነጋም ቆዳው ተልጦ የተገኘ አለ። እነዚህ ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ የተቃጠለ ቆዳም ለጀርም ሌላ በር ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ማሳከኩን ወዲያው የሚያስታግሰው ቅባት ነው። አንዲት አባላችን ከአንድ ሱቅ «ለሁሉም ይሆናል» ተብላ ቤታሜታሶን ያለበት ቅባት ገዝታ ተቀባች። በሦስት ቀን ማሳከኩ ጠፋ፣ እሷም መረቀች። ግን ይህ ቅባት ቅላቱንና ማሳከኩን ያበርዳል እንጂ ፈንገሱን አይገድልም፤ እንዲያውም ያሳድገዋል። በወሩ እስከ እግሯ ጀርባ ወጣባት።

የሚገድለው ክሎትሪማዞል ወይም ሚኮናዞል የሚባል ቅባት ነው። እግር ታጥቦ፣ በጣቶቹ መካከል በደንብ ደርቆ፣ ጠዋትና ማታ በስሱ ይቀባል። ስንት ጊዜ? እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንሳሳተው። በሳምንት ሲሻለን እንተዋለን። ማሳከኩ ቢጠፋም ፈንገሱ ቆዳው ውስጥ አለ። አራት ሳምንት ያህል መቀባት ያስፈልጋል፤ ቆዳው ንጹሕ ከመሰለ በኋላም ሁለት ሳምንት መጨመር ይገባል። ተርቢናፊን የሚባለው ቅባት ጊዜው ያጥራል፣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ዊትፊልድ የሚባለው የድሮው ቅባትም ይሠራል፤ በተላጠ ቆዳ ላይ ግን ያቃጥላል።

ይህን ሁሉ አድርጎም የማይለቀው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ጥፍሩን ይመልከት። የእግሩ ጥፍር ወፍሮ፣ ቢጫ ሆኖና ተፈርፍሮ ከሆነ ፈንገሱ እዚያ ተደብቋል፤ ቆዳው በዳነ ቁጥር ከጥፍሩ ይመለስበታል። ለዚህ ቅባት ብዙም አይረዳም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ለእግር ጥፍር ሦስት ወር ያህል ይወሰዳል። የጉበት ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ሴት በራሳቸው ገዝተው እንዳይውጡ አደራ። ደግሞም የሚያሳክክ ሁሉ ፈንገስ አይደለም። የጫማ ላስቲክና ማጣበቂያ የማይስማማው ሰው አለ፣ እከክም አለ። ሐኪም ቤት ቆዳውን ፋቅ አድርገው በማይክሮስኮፕ አይተው ይለያሉ። እኛ የቀሐ ሰዎች ደግሞ ሩቅ ነው ማለት አንችልም፤ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ በከተማችን ነው ያሉት። የስኳር በሽታ ያለባችሁ፣ እግራችሁ የሚደነዝዛችሁ፣ ወይም እግራችሁ ቀልቶ እያበጠ ትኩሳት የያዛችሁ ግን ቅባት አትሞክሩ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።

አንድ ነገር ለመጻፍ አመንትተን ነበር፤ የሳፋው ነገር ነው። ማታ የአባትን እግር ማጠብ፣ የእንግዳን እግር ማጠብ የወላጆቻችን ክብር ነው። ውሃ በወረፋ በሚገኝበት ሰፈር ደግሞ በዚያው ውሃ እናት፣ ከዚያ ልጆች ይታጠባሉ፤ በአንድ ፎጣም ይደርቃሉ። አባት አራት ሳምንት ተቀብቶ ድኖ ከልጁ መልሶ የሚቀበለው እንዲህ ነው። እግር ማጠቡ አይቅር። ውሃው ከማንቆርቆሪያ እየተንቆረቆረ በያንዳንዱ እግር ላይ ይፍሰስ እንጂ ሳፋ ውስጥ ተጠራቅሞ አይዙር። ፎጣም ለየራስ ይሁን። በቤቱ የሚያሳክከው ሁሉ አብሮ በአንድ ጊዜ ይታከም። ካልሲ በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ጫማ ፀሐይ ይምታው፣ የሚቻለው ሁለት ጫማ እያቀያየረ ያድርግ። (ሌላም አለ፤ ሲለብሱ ካልሲ ከሙታንታ ይቅደም። ከእግር ወደ ብሽሽት የሚሄደው ይኸው ፈንገስ ነው። ስንሰማ ስቀን ነበር፣ ግን እውነት ነው።)

በመጨረሻም በአንድ ግቢ በጋራ የምትኖሩ ተከራዮች፣ በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የምትቀመጠውን የሁሉም የሆነች ነጠላ ጫማ እንድታነሡ ማኅበሩ ያሳስባል። አንዲት እናት «እንግዲህ በባዶ እግር እንግባ?» ብለውናል። የለም እማማ፣ ሁሉም የየራሱን አድርጎ ይግባ፤ ለመግዛት ያልቻለ ቢኖር ለጸሐፊው በጆሮ ይንገር።