የጎረቤት እንባ የገበያ ዕቃ አይደለም!



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው የቦይ ጠረጋ ተራ፣ የወርኃዊ መዋጮ ማሳሰቢያና የጠፋ ቁልፍ ማስታወቂያ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከዚያ ሁሉ የከበደ ነው። በሰፈራችን ውስጥ ሰውን እያስለቀሱ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ቪዲዮውንም በገንዘብ እየገፉ በማኅበራዊ ሚዲያ መቸብቸብ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ሠሪዎቹ «ፕሮሞሽን» ይሉታል። እኛ ገበና ማውጣት እንለዋለን። አጥብቀንም እንቃወመዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውሃ ቦኖው በላይ ባለው ቅያስ የሚኖሩ አንዲት እናታችን አሉ። ስማቸውን አንጽፍም፤ እስከ አሁን የተወራባቸው ይበቃቸዋል። ከፋሲካ በፊት ሁለት ወጣቶች አምስት ሊትር ዘይትና አንድ ከረጢት ዱቄት ይዘው ቤታቸው ገቡ። እናታችን እንግዳ መጣ ብለው ቡና ሊያፈሉ ተነሡ። ልጆቹ ግን «ይቀመጡ እማማ» ብለው ስልካቸውን ደቀኑባቸው። ስለ ሟች ባለቤታቸው ጠየቋቸው፤ አለቀሱ። «ድምፁ በደንብ አልገባም፣ እስቲ እንደገና» ተባሉ፤ እንደገና አለቀሱ። የሚያፈሰው ጣራ፣ የተቀደደው ፍራሽ፣ አልጋ ሥር ያለው ፖፖ ሳይቀር ተቀረጸ። ዘይቱ ሦስት ጊዜ ተሰጣቸው፤ አንዴ ለእርሳቸው፣ ሁለቴ ለካሜራው።

ቪዲዮው በማግሥቱ ወጣ። ርእሱ «ልጆቿ ጥለዋት የሄዱ እናት» ይላል። ውሸት ነው! ሴት ልጃቸው ዐረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች ትረዳቸዋለች። የእናቷን የዕድር መዋጮ አንድ ወር እንኳ አሳልፋ አታውቅም፤ መዝገባችን ምስክር ነው። ያችው ልጅ ናት ቪዲዮውን በአሠሪዎቿ ማድ ቤት ቆማ ያየችው። ሌሊት ደውላ «እማዬ፣ እኔ ነኝ የጣልኩሽ?» አለቻቸው። በቪዲዮው መሐል የአንድ ሱቅ ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። ከሥሩም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተለጥፏል፤ የእናታችን ግን አይደለም። ስንት ብር እንደገባበት ለእርሳቸውም ለእኛም የነገረን የለም። ዛሬ እኒያ እናት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በጓሮ መንገድ ነው፤ ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ተከናንበው።

ይህን ስንናገር «ምን አለበት፣ ዘይቱንስ አግኝተው የለም ወይ?» የሚሉን አሉ። እንግዲህ እንጠይቃቸው፦ ዘይቱ ስጦታ ነበር ወይስ ክፍያ? ስጦታ ከሆነ ካሜራው ለምን አስፈለገ? ክፍያ ከሆነ ደግሞ ዋጋው በጣም አነሰ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ሸፍኖ የኖረውን ገበና በአምስት ሊትር ዘይት የሚገዛ ነጋዴ በየትኛው ገበያ ይገኛል? የሰፈራችን ሰው እኮ ለተቸገረ ጎረቤቱ እህል የሚያደርሰው በመሶብ ሸፍኖ፣ ሲመሽ ነበር። የተቀበለው እንዳያፍር፣ ሌላው እንዳያይ ተብሎ ነው።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንረዳ፤ ጠላቱን የማያውቅ አይከላከልምና። ቪዲዮ ሲለጠፍ ወዲያው ለሁሉም ሰው አይደርስም። የመድረኩ ስሌት መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ያሳየዋል። እነርሱ በጣታቸው ገፍተው ሳያልፉት ካዩት፣ አስተያየት ከጻፉበትና ለሌላ ካስተላለፉት፣ ስሌቱ «ይህ ይፈለጋል» ብሎ ለብዙዎች ያቀርበዋል። ፌስቡክ የ«ላይክ» ምልክትን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ደግሞ ሰዎች የሚነጋገሩበትን ጽሑፍ እንደሚያስቀድም አስታወቀ። ቲክቶክም ሰው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ማየቱን እንደ ትልቅ ምልክት ይቆጥረዋል። በዚህ ላይ «ቡስት» የሚሉት አለ፤ ገንዘብ ከፍለህ፣ የተመልካቹን ዕድሜ፣ አገርና ዝንባሌ መርጠህ ቪዲዮህን ዐይኑ ሥር ታስገባለህ። ዐረብ አገር ያሉት እኅቶቻችን፣ አሜሪካ ያሉት ወንድሞቻችን የሚመረጡት ለምን ይመስላችኋል? እናታቸውን ትተው የሄዱ ናቸውና አንጀታቸው ቶሎ ይላወሳል፤ እጃቸውም ቶሎ ይፈታል።

እንግዲህ እናታችን ሁለቴ እንዲያለቅሱ የተፈለገው ለዚህ ነው። እንባው ከመጀመሪያው ሰከንድ ካልጀመረ ተመልካቹ ያልፈዋል። «ልጃቸው እየረዳቻቸው ጣራቸው የሚያፈስ እናት» ቢባል እውነት ነበር፤ ግን ማንም አይቆምለትም። «ልጆቿ ጥለዋት ሄዱ» ሲባል ሁሉም ይቆማል። ውሸቱ በስሕተት የገባ አይደለም። ዕቃው ራሱ ውሸቱ ነው።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ አለብን። ቪዲዮው እንደወጣ እኛ ራሳችን ምን አደረግን? «አያችሁት ወይ?» እያልን ከስልክ ወደ ስልክ አስተላለፍነው። ልጆቻችን ተቆጥተው ከሥሩ ስድብ ጻፉ። ቅን ነገር የሠራን መስሎን ነበር። ስሌቱ ግን ቁጣን ከምስጋና አይለይም፤ የተሰደበበትም አስተያየት ያው አስተያየት ነው። በቁጣችን ቪዲዮውን ከፍ አደረግነው። እሳት ሊያጠፋ ጋዝ ይዞ እንደሮጠ ሰው ሆንን። ጥፋታችንን እናምናለን፤ አንደግመውምም።

ሕግስ የለም ወይ? አለ። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ስልክ ካሜራ ሳይኖረው፣ ቴሌቪዥን እንኳ አገራችን ሳይገባ የተጻፈ ነው! በአንቀጽ 28 የተፈቀዱ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ በአደባባይ የተደረገ የሕዝብ በዓል። የእናታችን መኝታ ግን አደባባይ አይደለም። አንቀጽ 29 ደግሞ የተበደለው ሰው እንዲቆምለት የመጠየቅና ካሳ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ አሳሳች እንዳይሆን አዟል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰውን የግል ዳታ ለመጠበቅ የተደነገገ ነው። «እሺ ብለዋል እኮ» ለሚሉን፦ ዘይት ፊታቸው ተቀምጦ፣ ቪዲዮው የት እንደሚሄድ ሳይነገራቸው የተባለ እሺ ፈቃድ አይባልም። ይሉኝታ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ «የእኛም ቦይ በዚሁ መንገድ ይተዋወቅ፤ ከመዋጮው ቆንጠር አድርገን ተከታይ እንግዛ፤ በኋላ ዩቲዩብ ይከፍለናል» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያመጡት ለሰፈሩ አሳቢዎች ናቸው፤ አናጥላላቸውም። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራ። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተመዝጋቢና፣ በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ይጠይቃል። በአጫጭር ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ ይላል። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። የቦያችን ቪዲዮ አምስት ደቂቃ ቢረዝም 48,000 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መታየት አለበት። የኛን ቦይ! በተከፈለበት ማስታወቂያ የመጣ እይታ ደግሞ ከዚህ ሰዓት አይቆጠርም። ታዲያ ገንዘባችን የት ገባ?

የሚገዛው ተከታይስ? ሰው አይደለም። በጅምላ የተከፈተ ባዶ ስም ነው። አያይም፣ አያዋጣም፣ አካፋ አያነሣም። እንዲያውም ይጎዳል፦ ስሌቱ ቪዲዮውን ለእነዚያ ባዶ ስሞች ሲያሳይ የሚያየው ያጣል፤ «ይህ አይፈለግም» ብሎ ከእውነተኛውም ሰው ያርቀዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ደንብ ለንግድ ጥቅም ሲባል እያወቁ ሐሰተኛ ተከታይ መሸጥንና መግዛትን ከልክላለች። እነርሱ ያፈሩበትን እኛ በዕድር ገንዘብ ልንሸምት ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። ሎሚውን የሚይዙት ግን እጅ ያላቸው ሃምሳ ሰዎች ናቸው።

በዚህ ሁሉ ስልክ ይጥፋ፣ ማስታወቂያ ይቅር አላልንም። ልብስ ሰፊው ወንድማችን የሰፋውን ቀሚስ ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ዋጋውን ጽፎ ይሸጣል፤ ይበርታ! እንጀራ ጋጋሪዋ እኅታችን በዚሁ መንገድ ደንበኛ አግኝታለች፤ እሰየው! የራሳቸውን ሥራ፣ በራሳቸው ፊት፣ በእውነተኛ ዋጋ ነው የሚያስተዋውቁት። ልዩነቱ ይኸው ነው፦ የራስህን እንጀራ ብትሸጥ ሠራተኛ ነህ፤ የጎረቤትህን እንባ ብትሸጥ ግን ምን እንደምንልህ አንተው ታውቃለህ።

ስለሆነም የሚከተለውን ለሰፈሩ ነዋሪ እናሳስባለን፦

1ኛ/ አረጋዊ፣ ሕፃን፣ ሕመምተኛ ያለበት ቤትና ለቅሶ ቤት ካሜራ አይግባ። ቀራጭ ከመጣ የማኅበሩን ሰው ጥሩ፤ ለብቻችሁ አትጋፈጡ።

2ኛ/ እርዳታ ይዞ የመጣን ሁሉ በአክብሮት እንቀበል። ስልኩን ግን ኪሱ ይክተት። እምቢ ካለ ዘይቱን ይዞ ይመለስ።

3ኛ/ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ስታዩ አትሳደቡበት፣ አታስተላልፉት። ለማስረጃ የስልኩን ገጽ ፎቶ አንሡና ለእኛ አምጡ፤ በመድረኩም በኩል «ሪፖርት» አድርጉ።

4ኛ/ ቀራጮቹ ልጆች የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ሥራ ፍለጋ እንደገቡበትም እናውቃለን። ስለዚህ አናሳድዳቸውም፤ ቪዲዮውን አውርደው፣ የገባውን ገንዘብ ቆጥረው ለእናታችን አስረክበው ይቅርታ ይጠይቁ። ካልሆነ በሕግ እንሄዳለን።

5ኛ/ ከመዋጮ ገንዘብ አንድም ሳንቲም ለተከታይ መግዣ እንዳይወጣ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንስጥ።

የመጨረሻው ነገር ይኸውና። ያን ቪዲዮ አገር ምድሩ አይቶታል። ያ ጣራ ግን ዛሬም ያፈሳል! ያዩት ሁሉ አዘኑ፣ ላይክ አደረጉ፣ አለፉ። እኛም ጎረቤቶቻቸው በዚያው ቅያስ ስንመላለስ ቆርቆሮውን ቀና ብለን አላየነውም፤ ይህም ግለ ሂሳችን ላይ ይጨመር። ክረምት እየገባ ነው። ስለዚህ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አሮጌም ቢሆን ቆርቆሮ ያለው ቆርቆሮ፣ ሚስማር ያለው ሚስማር፣ መዶሻ ያለው መዶሻ ይዞ ቦኖው ጋ ይገኝ። ምንም የሌለው ጉልበቱን ያምጣ። ሴቶች እኅቶቻችን የቡናውን ነገር አስበውበታል። ስልክ ግን የያዘ ሰው ደረጃ መሰላሉን አይነካም፤ ማንም አይቀርጽም።

የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሲነፋ ተከታይ ገዝቶ አያውቅም። ነገር ግን ሁሉም ይወጣል፤ የነገረን ሁሉ እውነት ሆኖ አግኝተነዋልና፤ ነግቶም እዚሁ መሐላችን እናገኘዋለንና። ቃላችን እንዲሰማ የምንፈልግ ከሆነ መንገዱ ይኸው ነው።

የጎረቤታችንን ገበና እንጠብቅ!
እሑድ ጣራው ላይ እንገናኝ!

ከሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ አዘጋጆች