የሰው ወርቅ አያደምቅ

የመጋቢት ወር በገባ ቁጥር ስለ አሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር የሚሟገቱ ወንድሞቻችን አንድ ሰንጠረዥ ይዘው ብቅ ይላሉ። በሰንጠረዡ ላይ «ኮንፈረንስ» የሚባሉት የኮሌጆች ማኅበሮች ተደርድረዋል፤ በየስማቸው አንጻር የዋንጫቸው ብዛት ተጽፎአል፤ ብዙ ያለው «ታላቅ»፣ ጥቂት ያለው «ተራ» ተብሎ ይፈረድበታል። ይህን ሰንጠረዥ አንቀበለውም። ዋንጫው የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ይቆጥራልና። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።)

በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ዩሲኤልኤ 11 ዋንጫ አለው። አሠርቱን አሠልጣኙ ጆን ውድን ከ1964 እስከ 1975 ያገኛቸው ሲሆኑ፣ የቀረው የ1995 ነው። ሁሉም የተገኙት ኮሌጁ፣ በኋላ ፓክ-12 በተባለው የምዕራብ ጠረፍ ማኅበር ውስጥ ሳለ ነው። በ2024 ግን ዩሲኤልኤ ጓዙን ጠቅልሎ ቢግ ቴን ገባ፤ የቢግ ቴን ወዳጆችም 11ዱን ዋንጫ ከጓዙ ጋር ቆጠሩት። ኧረ ለመሆኑ ለእነዚያ ዋንጫዎች ቢግ ቴን ምን አዋጣ? አዎን፣ አዋጥቷል! በ1965 ሚሺጋን 91 ለ80፣ በ1969 ፐርዱ 92 ለ72 በመጨረሻው ግጥሚያ በዩሲኤልኤ ተሸንፈዋል፤ ሁለቱም የቢግ ቴን ልጆች ነበሩ። እንግዲህ ተሸናፊው ተነሥቶ የአሸናፊው ወራሽ ነኝ ይላል ማለት ነው።

ሜሪላንድም እንዲሁ የ2002ን ዋንጫ ያነሣው በኤሲሲ ሆኖ ነው፤ ቢግ ቴን የገባው በ2014 ነው። በሐቁ ከሄድን፣ ከ2001 እስከ 2025 በተደረጉት ውድድሮች በቢግ ቴን አባልነት ተሰልፎ ዋንጫ ያነሣ አንድም የለም። ኤሲሲም ቢሆን በዚህ ነገር እጁ ንጹሕ አይደለም፤ ሲራኪዩዝ የ2003ን ዋንጫ ያገኘው በቢግ ኢስት ነበረ።

«እንግዲያስ ዋንጫው በተገኘበት ዓመት ለነበረው ማኅበር ይቆጠር» የሚሉ አሉ። ይህ ይሻላል፤ ግን አይበቃም። በሩ ለሁሉም እኩል አልተከፈተምና። በ1974 በኤሲሲ የመጨረሻ ግጥሚያ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ሜሪላንድን በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ100 አሸነፈ። ከአንድ ማኅበር አንድ ቡድን ብቻ ይገባ ስለ ነበረ ሜሪላንድ ቤቱ ቀረ፤ አሸናፊው ሄዶ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። በማግሥቱ ዓመት ደንቡ ላላ። በ1985 ቢግ ኢስት ብቻውን ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ሦስቱን አቀረበ። የ1974ንና የ1985ን ማኅበር በአንድ ሚዛን መመዘን ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ከዚህም የከፋ አለ። ሚሲሲፒ ስቴት በ1959፣ በ1961ና በ1962 በደቡቡ ማኅበር በኤስኢሲ ቀዳሚ ሆኖ ሳለ፣ ጥቁር ተጫዋቾች ካሉባቸው ቡድኖች ጋር እንዳይገጥም ተብሎ ከውድድሩ ቀረ፤ በፈንታው ኬንታኪ ሄደ። በ1963 ቡድኑ የፍርድ ቤትን እግድ ሸሽቶ ከክፍለ ሀገሩ በድብቅ ወጣና አራት ጥቁሮች ካሰለፈው ከቺካጎው ሎዮላ ጋር ተጋጠመ። 61 ለ51 ተሸነፈ፤ ሎዮላም ዋንጫውን በላ። በ1966 ደግሞ አምስት ጥቁሮች ያሰለፈው ቴክሳስ ዌስተርን ኬንታኪን 72 ለ65 ረታ። ታዲያ ሎዮላም ቴክሳስ ዌስተርንም በጊዜው የማንም ማኅበር አባል አልነበሩም። ወንድሞቻችን ይህን ያህል በሚመኩበት ሰንጠረዥ ላይ፣ ውድድሩን ከሁሉ ይልቅ የለወጡት ሁለቱ ዋንጫዎች የሚጻፉበት ረድፍ የለም!

ነገሩ የቡና ቤት ወግ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ውድድሩን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ከገቢው ከፊሉን ለማኅበሮቹ የሚያከፋፍለው ቡድኖቻቸው ባለፉት ስድስት ዓመታት በውድድሩ በተጫወቱት ጨዋታ ልክ ነው። ብዙ ቡድን ያስገባ ብዙ ይጫወታል፤ ብዙ የተጫወተ ብዙ ይቀበላል፤ የተቀበለ ደግሞ ጥሩ አሠልጣኝና ጥሩ ተጫዋች ያመጣል። በ2025 ኤስኢሲ ከ16 አባሎቹ 14ቱን ሲያስገባ ከትንንሾቹ ማኅበሮች አብዛኞቹ በአንድ አንድ ቡድን ተወስነዋል። ለዚህ አከፋፈል «ታላቁ ማኅበር» የሚለው ዝና ጠበቃ ሆኖ ይቆምለታል።

ሰንጠረዡን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፉት ወንድሞች ከየዋንጫው አጠገብ ኮሌጁ በዚያ ዓመት የማን አባል እንደ ነበረና ማኅበሩ ስንት ቡድን እንዳስገባ ይጻፉልን። ለሎዮላና ለቴክሳስ ዌስተርንም ረድፍ ያብጁ። መልስ ያላቸው ከአንድ ገጽ ሳያስበልጡ ቢሰጡን በሚመጣው እትም እናወጣላቸዋለን።